5.4 ወይስ 8.5? የማን ቁጥር ነው ልክ?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ።

ያለችን መኪና ባለ 1300 ሲሲ ትንሽ አውቶሞቢል ናት። አርጅታለች። ሦስቱ ልጆቻችን ደግሞ አድገው ኋላ ወንበር ላይ በጉልበት ይጋፋሉ። ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ወደ አነስተኛ የቤንዚን ኤስዩቪ ለመቀየር ወሰንን። እስከዚህ ተስማምተናል። ከዚህ በኋላ ግን ተለያየን። እኔ ነዳጅ የማይበላ እፈልጋለሁ። እሷ አቅም ያለው ትፈልጋለች። ባለፈው ዳገት ላይ አንድ ተሳቢ ለመቅደም ወጥታ መኪናዋ አልሄድ አለቻት። ከፊት መኪና እየመጣ ነበር። በስንት መከራ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲህ «ደካማ ሞተር ከገዛህ ቁልፉን አልነካም» ትላለች።

ዕጩዎቻችን አራት ናቸው። ሱዙኪ ቪታራ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ያው ቪታራ ባለ 1.4 ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ)፣ ፎርድ ኢኮስፖርት ባለ 1.0 ቱርቦ እና ቶዮታ ያሪስ ክሮስ ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደው። የ1.4 ቱርቦው ፎር ዊል ወረቀት በ100 ኪሎ ሜትር 5.4 ሊትር ይላል። ያንኑ መኪና የሚነዳ ጓደኛዬ ደግሞ 8.5 እንደሚበላው ይምላል። ፋብሪካው ነው የሚዋሸው ወይስ ጓደኛዬ መንዳት አይችልም? ሥራ ቦታዬ ከቤት 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመጨናነቁ ምክንያት 1 ሰዓት ይፈጃል፣ ስመለስም እንደዚያው። በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ አምስታችንም ዕቃ ጭነን ተራራማ መንገድ እንወጣለን። ደርሶ መልሱ 300 ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለት ልብ የሆንኩት አንባቢዎ

ሁለት ልብ የሆንከው ወንድሜ፣

ጓደኛህ አልዋሸም። ፋብሪካውም አልዋሸም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ መንገድ ላይ አልተለኩም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

5.4 የሚለው የወጣው ኤንኢዲሲ በሚባለው የድሮ የአውሮፓ ፈተና ነው። እዚያ ፈተና ላይ መኪናው መንገድ አይወጣም። ቤት ውስጥ ሮለር ላይ ቆሞ ጎማው ይሽከረከራል። 20 ደቂቃ ገደማ፣ 11 ኪሎ ሜትር፣ በአማካይ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር። ዳገት የለም። ኤሲ አይከፈትም። ፍጥነት የሚነሳውም የተኛ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው ቀስ ተብሎ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ደብሊውኤልቲፒ የተባለ አዲስ ፈተና ይተካው ጀመር። እሱ 30 ደቂቃ ነው፣ 23 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ፍጥነቱም እስከ 131 ይደርሳል። ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ግን እሱም ሮለር ላይ ነው፣ እሱም ኤሲ አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፣ የአንዱን መኪና የድሮ ቁጥር ከሌላው አዲስ ቁጥር ጋር አታወዳድር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። የድሮው ፈተና 5.4 ያለው መኪና አዲሱ 6 ካለው ይሻላል ማለት አይደለም፤ ሊብስም ይችላል። ወረቀቱ ላይ የሊትር ቁጥር ካጣህ ደግሞ በኪሎ ሜትር ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለቅ የሚለውን ፈልግና ለ23 አካፍል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ስለሚለቅ ነው። 138 ግራም የሚል ካየህ 6 ሊትር ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ 8.5 እንመለስ። እሱ በምን መንገድ እንደሚነዳ አልነገርከኝም፣ ግን ያንተን መንገድ ነግረኸኛል፤ የሱም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። 12 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት። ወንድሜ፣ ይሄ መንዳት አይደለም፣ መቆም ነው። ትንሽ የቤንዚን ሞተር ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ያቃጥላል። ከዚያ 1 ሰዓት ውስጥ ግማሹን ቆመሃል እንበል። በ12 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድም ሜትር ሳያስኬድህ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ሄደ ማለት ነው። ይሄን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስትቀይረው ከ2 እስከ 4 ሊትር ይሆናል። በ5.4 እና በ8.5 መሀል ያለውን ልዩነት እስቲ አስላው። 3.1 ነው። ጓደኛህን ይቅርታ ጠይቀው።

ሃይብሪዱ የሚያሸንፈውም እዚሁ ላይ ነው። ያሪስ ክሮስ ስትቆም ሞተሩን ያጠፋል፣ ስትነሳ በባትሪ ይንፏቀቃል፣ ፍሬን ስትይዝ የሚባክነውን ጉልበት መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። በአዲሱ ፈተና፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ዓይነት በ100 ኪሎ ሜትር ከ5 ሊትር በታች ነው። ዋናው ነገር ግን መጨናነቅ ውስጥ ከወረቀቱ ብዙ አለመራቁ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ እዚያ ይርቃሉ። የሥራ መንገድህ በወር 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጓደኛህ 8.5 ብታሰላው 45 ሊትር። ሃይብሪዱን ጨከን ብለን 5.5 ብንሰጠው 29። በወር 16 ሊትር ተረፈ። የሁለቱን መኪኖች የዋጋ ልዩነት በ16 ሊትር ዋጋ አካፍለው፤ ልዩነቱን በስንት ወር እንደምትመልሰው ይነግርሃል። ውጤቱ 3 ዓመት ከሆነ ጥሩ ነው። 9 ዓመት ከሆነ ደግሞ አስብበት።

እስካሁን ያወራሁት ያንተን ነው። አሁን ወደ ባለቤትህ ልምጣ፣ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር የእሷ ጥያቄ ከብዶብኛል።

ሻጮች አቅምን የሚነግሩህ በፈረስ ጉልበት ነው። ወይም ከ0 እስከ 100 በስንት ሰከንድ ይላሉ። ተሳቢ ለመቅደም ከዜሮ የሚነሳ ሰው የለም። ከ60 ነው የሚነሳው፣ ያውም ዳገት ላይ፣ ያውም አምስት ሰው ተጭኖ። እዚያ ላይ የሚጠቅምህ ቶርክ ነው፣ ማለትም ሞተሩ ጎማውን የሚጠመዝዝበት ጉልበት። እሱም በስንት ዙር ላይ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ ሲዞር እንደሚገኝ ማወቅ አለብህ።

ለዚህ ከሁለቱ ቪታራዎች የተሻለ ማሳያ የለም፤ አንድ ዓይነት መኪና በሁለት ሞተር። የ1.6ቱ 120 ፈረስ ጉልበት አለው፤ ቶርኩ 156 ኒውተን ሜትር ነው (የቶርክ መለኪያው ነው)፣ የሚገኘውም 4400 ዙር ላይ። የ1.4 ቱርቦው 140 ፈረስ ጉልበት ሲሆን ቶርኩ 220 ነው፣ ከ1500 ዙር ጀምሮ እስከ 4000። የፈረስ ጉልበቱን ብቻ ካየህ ልዩነቱ 20 ነው፣ ብዙም አይመስልም። ዳገቱ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ሞተሩ 2000 ዙር ላይ ሲሄድ ቱርቦው ያለው ጉልበት ሁሉ እግርህ ሥር ነው። የ1.6ቱ ገና አልደረሰም። ወደ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀንሰህ፣ ሞተሩን አስጩኸህ ነው የምታገኘው። ፎር ዊልና ማንዋል የሆኑት ሁለቱ ከ0 እስከ 100 በወረቀት 12 ሰከንድ እና 10.2 ሰከንድ ናቸው። እኔ ግን ሁለቱንም ዳገት ላይ ነድቻቸዋለሁ፤ ልዩነቱ የሁለት ሰከንድ ብቻ አይመስልም።

እግረ መንገዴን፣ ባለቤትህ ያን ቀን በየትኛው ማርሽ ላይ እንደነበረች ታስታውስ ይሆን? ቱርቦ የሌለው ትንሽ ሞተር ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ቤንዚን ቢረገጥለት ዝም ነው የሚለው። ከመውጣቷ በፊት ወደ ሦስተኛ ቀንሳ ቢሆን ኖሮ ያቺ አሮጊት መኪና ራሷ ትንሽ ትሻል ነበር። ይሄን ግን አንተ እንዳትነግራት። ዓምዱን አስነብባትና እኔ ልወቀስ።

ከፍታም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ከውጭ ያለውን አየር እንዳለ ነው። ተራራ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በግምት በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል አቅም ይጠፋል። የ1.6ቱ 120 ፈረስ 2000 ሜትር ላይ ከ100 አይበልጥም ማለት ነው። ቱርቦ አየሩን አጭቆ ስለሚያስገባ የሚጠፋበት በጣም ትንሽ ነው። መንገዳችሁ ተራራማ ነው ብለሃል። ለእናንተ ይሄ ነጥብ ቀላል አይደለም።

«እንግዲያው ኢኮስፖርትም ቱርቦ ነው፣ ያውም 1.0፣ ነዳጁም ያንስ የለም ወይ?» ልትለኝ ነው። አውቅሃለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ላውራህ። የመኪናዬ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ጠርዙ በዘይት እጅ ጠቁሯል። ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን፣ ሊትሩን፣ ማን እንደተጫነ እጽፋለሁ። ከአሁኑ መኪናዬ በፊት የነበረኝ ሦስት ሲሊንደር ትንሽ ቱርቦ ነበር፤ የማንን እንደሆነ አልናገርም። ብቻዬን ሜዳ ላይ ስነዳው ደብተሩ 5.9 ይላል። ደስ ብሎኝ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ሁለት ገጽ አለፍ ስትል 10.3 የሚል አለ። አጠገቡ «አምስት ሰው፣ ፖርቶመጋላ ላይ ፍራሽ፣ ንፋስ ከፊት» ብዬ ጽፌያለሁ። ያው መኪና፣ ያው እግር ነው።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ትንሽ ቱርቦ ሞተር ሲዝናና እንደ ትንሽ ሞተር ይጠጣል። ሲጨነቅ ግን ቱርቦው አየር በብዛት ያስገባል፣ ከአየሩ ጋር ነዳጅም አብሮ ይገባል። ከዚያም አልፎ፣ ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ በኃይል ሲሠሩ ሙቀቱን ለማብረድ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይረጫሉ። ያ ትርፍ ነዳጅ ጎማውን አያዞርም፣ ሞተሩን ያቀዘቅዛል እንጂ። የኢኮስፖርቱ ሞተር 1000 ሲሲ አይሞላም፤ 125 ፈረስ ጉልበትና 170 ኒውተን ሜትር ያወጣል። ለመጠኑ ጎበዝ ነው፣ ብቻህን ስትነዳውም ደስ ይላል። መኪናው ግን ከ1200 ኪሎ በላይ ነው። በዚያ ላይ አምስት ሰውና ዕቃ፣ በዚያ ላይ ተራራ። በወር ሁለት ጊዜ አስጨንቀህ ልትነዳው ነው። ሌላም ነገር አለ፤ የዚህ ሞተር የቀደሙት ስሪቶች ላይ የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ቀበቶ) ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። የተባለለትን ዘይት ትተህ ያገኘኸውን ከጨመርክ ወይም የዘይት ለውጥ ካሳለፍክ ቺንጋው ይበላል፣ ብናኙም የዘይት መንገዱን ይዘጋል። ያገለገለ ከሆነ የዘይት ለውጥ መዝገቡን ሳታይ አትግዛ።

«ትንሽ ሞተር ነዳጅ አይበላም» የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ለሸክሙ ያነሰ ሞተር ከበቂው ይልቅ ሊበላ ይችላል።

ፎር ዊል ያስፈልገኛል ወይ ብለህ አልጠየቅክም፣ ግን ልንገርህ። ጭቃ ወይም ልቅ አፈር ከሌለ ተወው። ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ነዳጅ ነው።

ስለ ፍጥነት ግን አንድ ነገር ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኤስዩቪ ረጅምና ሰፊ ፊት አለው፤ አየሩን እንደ ግድግዳ ነው የሚገፋው። የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በስኩዌር ነው የሚያድገው። ከ80 ወደ 120 ስትሄድ ፍጥነትህ በግማሽ ጨመረ፤ አየሩ ግን ከእጥፍ በላይ ይገፋሃል። ከአውቶሞቢል የመጣ ሰው ይሄን አያስተውልም፣ ምክንያቱም ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ 120 እንደ 90 ነው የሚታየው። ባዶ ፖርቶመጋላ ካለህም አውርደው። ለምን ንፋስ ታግላለህ?

ቁልቁለት ላይ ደግሞ በፎሌ፣ ማርሽ ሳታስገባ፣ አትውረድ። የድሮ ሾፌሮች ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ። በካርቡሬተር ዘመን ይሁን። የዛሬው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከቤንዚኑ ስታነሳ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፣ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ስታደርገው ግን እንዳይጠፋ በሚኒሞ መቃጠል አለበት። ፍሬንህም ብቻውን ይቀራል፣ ይግላል። አምስት ሰው ጭነህ ተራራ ስትወርድ ይሄ የነዳጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እሺ፣ የትኛውን?

የተራራው ጉዞ ባይኖር ዓይኔን ሳላሽ ያሪስ ክሮስን እልህ ነበር። 12 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ለሚሄድ ሰው ከእሱ የተሻለ ከአራቱ የለም። ተራራው ላይ ግን እጄ ያመነታል። 116 ፈረስ ጉልበት አለው፣ የፊት ጎማ ነጂው ከ0 እስከ 100 በ11.2 ሰከንድ ነው፤ ደካማ አይባልም። ለአጭር ጊዜ ለመቅደም ባትሪው ያግዘዋል። ባትሪው ግን 1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ረጅም ዳገት ላይ ቶሎ ያልቅና ቱርቦ የሌለው 1.5 ሞተር ብቻውን ይቀራል፣ ከፍ ባለ ድምፅ እያማረረ። መውጣቱን ይወጣል። ባለቤትህ ግን ያን ጩኸት ስትሰማ ያቺን ቀን ማስታወሷ አይቀርም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ የ1.4 ቱርቦው ቪታራ ነው፤ ፎር ዊሉ ቢቀር ደግሞ ይሻላል፣ ከ0 እስከ 100 እንኳ በ9.5 ሰከንድ ይደርሳል። በወር 16 ሊትር ትርፍ ይከፈላል። እኔ ብሆን እከፍለዋለሁ። ከተሳቢ ጎን በተቃራኒው መስመር ላይ የምትቆይበትን ጊዜ የሚያሳጥር ነገር በሊትር አይመዘንም። የ1.6ቱን የምትገዛው ዋጋው በጣም ካነሰና ማርሽ መቀነስ ካልሰለቻችሁ ብቻ ነው። እሱም የራሱ ጸጋ አለው፤ ቱርቦ የለውም፣ ስለዚህ የሚበላሽ ነገሩ ያንሳል።

ከገዛህ በኋላ ፍጆታውን ዳሽቦርዱ ላይ ከሚታየው ቁጥር አትውሰድ፤ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ነው የሚናገረው። ማደያ ሄደህ ማፍሰሻው ራሱ እስኪቆም ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርግ። በሚቀጥለው ስትሞላም እዚያው እስኪቆም ሙላ። የገባውን ሊትር በ100 አባዝተህ በሄድከው ኪሎ ሜትር አካፍል። አንድ ጊዜ አይበቃም፣ አራት አምስት ጊዜ ጻፈው። የጎማውን ንፋስ ደግሞ በየወሩ አስለካ፣ በዓይን አይታይም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለሙከራ ስትሄዱ ሦስቱንም ልጆች ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ብቻህን ሜዳ ላይ ሊያስነዳህ ይፈልጋል፤ እምቢ በል። ዳገት ፈልጉ። 60 ላይ ሁኑና ማርሽ ሳትቀንሱ ቤንዚኑን ርገጡት፣ እስከ 90 ስንት እንደሚፈጅ በስልክ ቁጠሩ። ከዚያ ማርሽ ቀንሳችሁ ድገሙት። ሃይብሪዱን ከሆነ ማርሽ መቀነሱ አይመለከተውም፤ ዳገቱን ሳትቆሙ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይለያያል። መሪውን የምትይዘው እሷ ትሁን። ትልቁ ልጅ ከፊት ይሁን፤ አንተ ኋላ ከሁለቱ መሀል ተቀመጥ፤ ሦስት ሰው ይችል እንደሆነም በጉልበትህ ታየዋለህ።